ኤድዋርድ ሊር፤ የገዛ መጽሐፉን የሣለ ሰው

በስቴንስል ላይ ሥዕል ጭሮ የሚያውቅ ጓደኛችን ሁሉ አንዲት የሳተች መሥመር ምን ያህል እንደምታበሳጭ ያውቃል። ስለዚህ የእንግሊዛዊውን የኤድዋርድ ሊርን ድካም ከሌላው አንባቢ ይልቅ እኛ የምንረዳለት ይመስለናል። ዓመቶቹን የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሊር በ1812 ዓ.ም. ለንደን አጠገብ በሆሎዌይ ተወለደ። እናቱ ብዙ ልጆች የወለደች ስትሆን እሱ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነበረ። በአክሲዮን ንግድ ይኖር የነበረው አባቱ በከሰረ ጊዜ ቤቱ ተናጋ፤ ልጁንም በ21 ዓመት የምትበልጠው እኅቱ አን እንደ እናት ሆና አሳደገችው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረበት። ይህን ሕመሙን ከወዳጆቹ ሠውሮ፣ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ በመስቀል ምልክት ብቻ ይመዘግበው ነበር። በልጅነቱ የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። አበባና ወፍ መሣልን ያስጀመሩት እኅቶቹ ናቸው፤ የቀረውን ራሱን በራሱ አስተማረ፤ ገና በ16 ዓመቱ ገደማም ሥዕል እየሸጠ እንጀራውን ያገኝ ጀመር።

በ18 ዓመቱ ግን ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር አሰበ። በ1830 ዓ.ም. የለንደን የአራዊት ማኅበርን አስፈቅዶ ወደ መካነ አራዊቱ ገባና በቀቀኖችን ብቻ የያዘ ትልቅ የሥዕል መጽሐፍ ለማሳተም ተነሣ። በዚያ ዘመን የወፍ ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ የሚሣለው ከሞተና ቆዳው ከተሞላ ወፍ ነበር። ሊር ግን ጠባቂው በሕይወት ያለውን ወፍ ይዞለት ክንፉንና እግሩን እየለካ፣ ዓይኑንም እያየ ሣለ። ከዚያ በኋላ ሥዕሉን በገዛ እጁ በማተሚያ ድንጋይ ላይ በቅባታም እርሳስ ይገለብጠዋል፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙም ግራ ሆኖ ነው የሚሣለው። ድንጋዩ ውድ ስለ ነበረ 175 ቅጂ እንደ ወጣ ሥዕሉ ይፋቅና ሌላ በቀቀን ይሣልበታል። ቀለሙ ደግሞ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ በእጅ ይቀባ ነበር። ወጪውን ይሸፍናሉ የተባሉት አስቀድመው ስማቸውን ያስመዘገቡ ገዢዎች ነበሩ፤ መመዝገብና መክፈል ግን ለየቅል መሆናቸውን ሊር ቶሎ ተማረ። በ1832 ዓ.ም. 42 ሥዕሎች ከወጡ በኋላ ገንዘቡ አልቆ ሥራው ቆመ። የተረፉትን ቅጂዎች ጆን ጉልድ የተባለ የወፍ መጻሕፍት አሳታሚ በ50 ፓውንድ ገዛቸው። ይሁን እንጂ ሥዕሎቹ ምን ያህል እውነተኛ እንደ ነበሩ ይህ ይመሰክራል፤ ሊር ከሌላ ዘር ቈጥሮ የሣለውን አንዱን ሰማያዊ በቀቀን ሊቃውንት በ1856 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዘር መሆኑን አውቀው በሊር ስም ጠሩት።

ቀጥሎ በኖውስሊ የሚገኙትን አራዊት እንዲሥል የደርቢው መስፍን ቤተ ሰብ ወሰደው። ቀን ላባ እየቈጠረ ይሥላል፤ ሲያርፍ ደግሞ የቤቱን ልጆች በአጫጭር አስቂኝ ግጥሞችና በሥዕሎች ያስቅ ነበር። ዓይኑ እየደከመ ስለ ሄደ በ1837 ዓ.ም. ወደ ሮም ሄዶ የአገር ገጽታ ሠዓሊ ሆነ። በ1846 ዓ.ም. እነዚያን ግጥሞች ከነሥዕሎቻቸው ሰብስቦ የቧልት መጽሐፉን አሳተመ፤ ስሙን ግን ደበቀ። አፍንጫቸው እንደ ዱላ የረዘመ፣ በእግራቸው ጣት ቆመው እጃቸውን እንደ ክንፍ ወደ ኋላ የዘረጉ ሰዎች ናቸው። ሰዎቹ ወፍ ይመስላሉ፤ ወፎቹም ሰው። እንደኛ አስተያየት ሥዕሎቹ ሕፃን የጫራቸው ቢመስሉም ያችን መሥመር ሊያወጣ የሚችለው በቀቀን ለክቶ የሣለ እጅ ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት ንግሥት ቪክቶሪያ አስጠርተውት 12 የሥዕል ትምህርት ሰጣቸው። ንግሥት ያስተማረው ሰው ግን አለመማሩ ያሳፍረው ነበር። በ1850 ዓ.ም.፣ በ37 ዓመቱ፣ በንጉሣዊው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከጎረምሶች ጋር ተመዘገበ። ኋላም የዘይት ቀለም ያሠለጠነውን ሆልማን ሀንትን፣ በ15 ዓመት የሚያንሰውን ሰው፣ አባባ እያለ ይጠራው ነበር።

የቧልቱ መጽሐፍ በ1861 ዓ.ም. ሰፍቶ በእውነተኛ ስሙ ወጣ፤ ኋላም መብቱን በ125 ፓውንድ ሸጠው፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ደጋግሞ ቢታተም ለእሱ የተረፈው የለም። አንዳንዶች ደራሲው መስፍኑ ነው ብለው ያወሩ ነበር፤ የሊር ስም ፊደላት ቦታ ቢለዋወጡ በእንግሊዝኛ የመስፍን ማዕረግ ይወጣቸዋልና። አንድ ጊዜም በባቡር ውስጥ ይህንኑ ሲከራከሩ ሰምቶ፣ መኖሩን ለማስረዳት ስሙ የተጻፈበትን ባርኔጣውን አውልቆ አሳያቸው።

ልቡ ግን ሌላ ዘንድ ነበረ። በጣሊያን አገር በሳን ሬሞ፣ ፎስ ከተባለው ድመቱ ጋር ሲኖር፣ ለባለቅኔው ለቴኒሰን ግጥሞች 200 የአገር ገጽታ ሥዕሎች ለመሣል ዓመታት ደከመ። ድመቱ በ1887 ዓ.ም. ሞተ፤ ሊርም በጥር 1888 ዓ.ም. ተከተለው። ከሥዕሎቹ ጥቂቶቹን የያዘች፣ 3 ግጥሞች ብቻ ያሏት መጽሐፍ በ1889 ዓ.ም. ታትማ ቴኒሰን ፈረመባት። የታተመችው በ100 ቅጂ ነው፤ በ18 ዓመቱ ከጀመረው የበቀቀን መጽሐፍ እንኳ በ75 ያነሰች።