ቪንሰንት ቫን ጎህ በአምስተርዳም

የሆላንዱ ሠዓሊ ቪንሰንት ቫን ጎህ ስሙ በተነሣ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚያወራው በ1888 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ስለ ቈረጠው ጆሮው ነው። ከዚያ ዐሥር ዓመት ያህል አስቀድሞ ግን፣ ገና ሥዕልን ሙያው ሳያደርግ፣ እንደ እኛ ፈተና የሚያስጨንቀው ተማሪ ነበር፤ ያን ጊዜም ገላውን ይቀጣ ነበር።

የተወለደው በ1853 ዙንደርት በምትባል መንደር፣ ከፕሮቴስታንት ቄስ ቤት ነው። በ16 ዓመቱ በሥዕል ነጋዴዎች ዘንድ ተቀጥሮ በሄግ፣ በሎንዶንና በፓሪስ ሠርቶ በ1876 ተሰናበተ። ቀጥሎም አስተማሪነትንና የመጻሕፍት ሻጭነትን ሞካከረ። አንዱም አልሆነለትም። በመጨረሻ እንደ አባቱ ቄስ ለመሆን ቈርጦ በ1877 አምስተርዳም ገባ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን ፈተና ለማለፍ ላቲንና ጽርእ ማጥናት ነበረበት፤ ዕድሜው 24 ነው።

የባሕር ኃይል ባለሥልጣን የነበረው አጎቱ ያን በቤቱ አስቀመጠው። የአክስቱ ባል ስትሪከር፣ የታወቀ ሰባኪ፣ ትምህርቱን ይከታተልለት ጀመር። ቤተ ዘመዱ ይህን ያህል ሲረባረብለት መውደቅ የእርሱ ብቻ ውድቀት አይሆንም። ዘመድ አዋጥቶ የሚያስተምረው ተማሪ ይህን ነገር ሳይነግሩት ያውቀዋል።

የቋንቋ አስተማሪው ሜንዴስ ዳ ኮስታ በዕድሜ ብዙም አይበልጠውም ነበር። በ1910 ባሳተመው ትዝታ እንደ መሰከረው፣ ቪንሰንት ግዴታዬን አልተወጣሁም ብሎ ባሰበ ጊዜ ጀርባውን በዱላ ይደበድብ ነበር። ሌላ ጊዜም ሆን ብሎ አምሽቶ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ በዚያ በአውሮፓ ብርድ ካለ አልጋና ካለ ብርድ ልብስ ዕቃ ቤት ውስጥ መሬት ላይ ያድራል። ይህንንም ለአስተማሪው አልሸሸገውም። አስተማሪው ይቈጣል፤ ቪንሰንትም ቍጣውን ለማብረድ በማለዳ አበባ ለቅሞ ያመጣለታል። ቅጣትን ለሚሻ ሰው ቍጣ ምን ይረባዋል? ለድሆች ሰላምን ለማድረስ ለሚመኝ ሰው የጽርእ ግሥ ለምን አስፈለገው እያለም ይከራከረው ነበር፤ መምህሩም በልቡ ይስማማለታል።

ዛሬ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ራሳቸውን በሚጎዱ ተማሪዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ይህንኑ የመሰለ ነገር ነው፤ ራስን አብዝቶ መውቀስ፣ ፍጹም ካልሆንሁ ከንቱ ነኝ ማለት፣ ብቸኝነት፣ ጭንቀትን በቃል ለመግለጽ አለመቻል። ብዙዎቹ የሚያደርጉት ሞትን ፈልገው ሳይሆን ራሳቸውን ለመቅጣት ወይም የውስጥ ጭንቀታቸውን ለማስታገሥ ነው። ይሁን እንጂ ውሎ አድሮ ወደ ከፋ ነገር ሊያደርስ ስለሚችል የሚናቅ አይደለም። የሞተን ሰው ሕመም መሰየም የሐኪሞች ክርክር ነው (እስከ ዛሬም አላለቀም)፤ ለእኔ የሚታየኝ ግን በቪንሰንት ዘንድ ግሥ አለማወቅና ኃጢአት አንድ ሆነው መቈጠራቸው ነው።

በ1878 ጥናቱን አቋረጠ። ወደ ቤልጅግ ሄዶ ለከሰል ቈፋሪዎች ሲሰብክ ልብሱን ለድሆች እያደለ እርሱ በጭድ ላይ ይተኛ ነበርና አለቆቹ በ1879 አሰናበቱት። በ1880 ሠዓሊ ለመሆን ወሰነ። ወንድሙ ቴዎ ገንዘብ እየላከ፣ ረጃጅም ደብዳቤዎቹንም እየተቀበለ ደገፈው፤ በዐሥር ዓመት ውስጥ ከ800 የሚበልጡ የዘይት ቀለም ሥዕሎች ሠራ። በ1890፣ በ37 ዓመቱ፣ በገዛ እጁ ባቈሰለው ቍስል ሲሞት ቴዎ አጠገቡ ነበር።