ቪኑ ማንካድ፡ ስሙ ክስ የሆነበት ባለታሪክ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ አበው። ሰው በሕይወት ዘመኑ የሠራው፣ የለፋበትና ለአገሩ ያበረከተው ሁሉ ተጠቃሎ ለልጅ ልጅ የሚተላለፈው በስሙ ነው። አንዳንዴ ግን ስም ባለቤቱን ይከዳል። የብዙ ዓመት ሥራ ይረሳና በአንድ ቅጽበት የተፈጸመ አንድ ድርጊት ብቻ ከስሙ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ሕንዳዊውን የክሪኬት ተጫዋች ቪኑ ማንካድን የገጠመውም ይኸው ነው።

ክሪኬት በእኛ አገር እምብዛም አይታወቅም። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ አንባቢያን ምናልባት በንጉሡ ዘመን በየትምህርት ቤቱ ያስተምሩ ከነበሩ ሕንዳውያን መምህራን አንደበት ስሙን ሰምተው ይሆናል። የማንካድ ታሪክ ግን ክሪኬት ለማያውቅ ሰውም ቁም ነገር አለው። ጥያቄው አንድ ነውና፤ ሕግ የፈቀደውን ያደረገ ሰው ጥፋተኛ ሊባል ይገባል ወይ? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት የጨዋታውን ሕግ በጥቂቱ እንመልከት። በክሪኬት ሜዳ መካከል ሃያ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ጠባብ መሮጫ አለ። በሁለቱም ጫፍ ዊኬት የሚባሉ ሦስት ሦስት እንጨቶች ተተክለዋል። ከሚመታው ቡድን ሁልጊዜ ሁለት ሰዎች በሜዳው ላይ ይገኛሉ። አንደኛው የሚወረወርለትን ኳስ ለመምታት ይዘጋጃል፤ ሁለተኛው በወርዋሪው በኩል ባለው ጫፍ ቆሞ ይጠብቃል። ኳሷ ከተመታች በኋላ ሁለቱ ቦታ እየተቀያየሩ በመሮጥ ነጥብ ያስቆጥራሉ።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በወርዋሪው በኩል የቆመው መቺ ኳሷ ከወርዋሪው እጅ ሳትወጣ ከመስመሩ ቀድሞ ከተንቀሳቀሰ የሚሮጠው ርቀት ያጥርለታል። አንድና ሁለት ሜትር የሰረቀ ሰው ነጥብ ሰረቀ ማለት ነው። ይህንን ለመከላከል ሲባል ወርዋሪው ኳሷን መወርወሩን ትቶ በአጠገቡ ያለውን ዊኬት በኳሷ በመምታት ሰውየውን ከጨዋታ እንዲያስወጣ ሕጉ ይፈቅድለታል። ሕጉ ይፍቀድ እንጂ ድርጊቱ በተጫዋቾች ዘንድ እንደ ነውር ሲቆጠር ኖሯል። በእግር ኳስ ተጋጣሚ ተጎድቶ ሲወድቅ ኳሷን ወደ ውጭ ማውጣት የተጻፈ ሕግ ባይሆንም እንደ ጨዋነት ይቆጠር እንደነበረው ማለት ነው።

ሙልቫንትራይ ሂማትላል ማንካድ የተወለደው ሚያዝያ 12 ቀን 1917 በምዕራብ ሕንድ በጃምናጋር ከተማ ነው። ዓለም የሚያውቀው ግን ቪኑ በሚለው የቁልምጫ ስሙ ነው። ጃምናጋር ያን ጊዜ የናዋናጋር ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። የግዛቲቱ ገዢ የነበረው ልዑል ራንጂትሲንጅ ደግሞ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፎ የተጫወተ ዝነኛ የክሪኬት ሰው ነበር። ስለዚህም ማንካድ ያደገው ክሪኬት እንደ ቁም ነገር በሚታይበት ከተማ ነው። ከእንግሊዝ የመጣው አሠልጣኝ አልበርት ዌንስሌይ ወጣቱን በቅርብ ያሠለጠነው ሲሆን፣ ናዋናጋር በ1936 እና 37 የውድድር ዘመን የሕንድን ብሔራዊ ሻምፒዮና የራንጂ ዋንጫን ስታነሳ ማንካድ ከቡድኑ አባላት አንዱ ነበር።

ማንካድን ከብዙዎች የሚለየው ሁለገብነቱ ነበር። በቀኝ እጁ ይመታል፤ በግራ እጁ ደግሞ መሬት ስትነካ የምትታጠፍ ዝግ ያለች ኳስ ይወረውራል። በ1937 መጨረሻ በሎርድ ቴኒሰን የሚመራ የእንግሊዝ ቡድን ሕንድን ሲጎበኝ የሃያ ዓመቱ ወጣት በመምታትም በመወርወርም እንግዶቹን አስደነቀ። ሆኖም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ሕንድ ከ1936 እስከ 1946 ድረስ አንድም ዓለም አቀፍ የቴስት ግጥሚያ ሳታደርግ ቀረች። ማንካድ ለብሔራዊ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው በሰኔ 1946 በለንደኑ የሎርድስ ሜዳ ሲሆን ዕድሜው 29 ደርሶ ነበር። አንድ ስፖርተኛ በጉልበቱ የሚኮራባቸው ምርጥ ዓመታት ባክነውበታል ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ በዚያው የእንግሊዝ ጉዞ 1,120 ነጥብ አስቆጥሮና 129 መቺዎችን አስወጥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ።

በነሐሴ 1947 ሕንድ ከእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ነፃ ወጣች። ከጥቂት ወራት በኋላም ብሔራዊ ቡድኗ በላላ አማርናት መሪነት ወደ አውስትራሊያ አቀና። ተጋጣሚው በዶን ብራድማን የሚመራው፣ በዘመኑ አቻ ያልተገኘለት የአውስትራሊያ ቡድን ነበር። አዲሲቱ ነፃ አገር በዓለም ፊት ራሷን የምታስተዋውቅበት ጉዞ ነበርና የተጫዋቾቹ ኃላፊነት ከባድ ነበር።

ከአውስትራሊያ መቺዎች አንዱ ቢል ብራውን በወርዋሪው በኩል ሲቆም ከመስመሩ ቀድሞ የመውጣት ልማድ ነበረው። ከቴስት ግጥሚያዎቹ በፊት በተደረገ ሌላ ጨዋታ ማንካድ ይህን አስተዋለና አስጠነቀቀው። ብራውን ግን ደገመው። ማንካድም ዊኬቱን አፍርሶ አስወጣው። ታኅሣሥ 13 ቀን 1947 በሲድኒ በተካሄደው ሁለተኛው የቴስት ግጥሚያ ብራውን አሁንም ከመስመሩ ወጥቶ ተገኘ። ማንካድ በዚህኛው ጊዜ ማስጠንቀቂያ አልሰጠም። ሊወረውር ሮጦ መጣ፤ ኳሷን ግን አልለቀቃትም፤ ዊኬቱን መታው። ዳኛው ብራውን ከጨዋታ መውጣቱን አረጋገጠ። በቴስት ክሪኬት ታሪክ አንድ መቺ በዚህ መንገድ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

በነጋታው የአውስትራሊያ ጋዜጦች ቁጣቸውን አወረዱት። ማንካድ የስፖርታዊ ጨዋነትን ድንበር የጣሰ ሰው ተደርጎ ተጻፈ። ቀስ በቀስም ድርጊቱ ራሱ በስሙ ይጠራ ጀመር። በዓለም ዙሪያ በዚህ መንገድ የወጣ መቺ ሁሉ ማንካድ ተደረገ ይባል ጀመር። የሚገርመው፣ ቀድሞ እየወጣ ርቀት የሚሰርቀው ሰው ስም ከነገሩ ጋር አልተያያዘም። ከሳሽና ተከሳሽ ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው።

ማንካድን ከሁሉ በፊት ከተከላከሉለት ሰዎች አንዱ ከራሱ ከአውስትራሊያ ወገን መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። የቡድኑ አምበል ዶን ብራድማን በ1950 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ጉዳዩን አንስቶ፣ ሕጉ ቀድሞ መውጣትን እስከከለከለ ድረስ ማንካድ የሚወቀስበት ምክንያት እንደማይታየው ገልጿል። የብራድማን ቃል በክሪኬት ዓለም ትልቅ ክብደት ቢኖረውም የወጣውን ስም ግን ሊመልሰው አልቻለም።

ማንካድ በወቀሳው አንገቱን አልደፋም። በዚያው ጉዞ በሜልቦርን ሜዳ በተደረጉ ሁለት የቴስት ግጥሚያዎች 116 እና 111 ነጥብ አስቆጠረ። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ደግሞ የሥራው ማማ ሆኑ።

በየካቲት 1952 ሕንድ በማድራስ ከተማ እንግሊዝን ገጠመች። ሕንድ የቴስት ክሪኬት መጫወት ከጀመረች ሃያ ዓመት ሆኗት የነበረ ሲሆን እስከዚያ ድረስ አንድም ጊዜ አሸንፋ አታውቅም። ማንካድ በመጀመሪያው ዙር ስምንት፣ በሁለተኛው ዙር አራት፣ በድምሩ 12 የእንግሊዝ መቺዎችን አስወጣ። ሕንድ በታሪኳ የመጀመሪያውን ድል ተጎናጸፈች። የቀድሞዋን ገዢ ማሸነፍ ለአዲሲቱ አገር ምን ማለት እንደነበር ለመገመት አያዳግትም።

ይህን የሠራ ሰው ግን በዚያው ዓመት ክረምት ወደ እንግሊዝ በተደረገው ጉዞ ከቡድኑ ጋር አልነበረም። የአገሩ የክሪኬት ቦርድ እንደሚመረጥ አስቀድሞ ማረጋገጫ ሊሰጠው ስላልፈለገ፣ ማንካድ ሃስሊንግደን ለተባለ የሰሜን እንግሊዝ ክለብ በደመወዝ ለመጫወት ተዋውሎ ነበር። የመጀመሪያው ግጥሚያ ለሕንድ መዓት ሆነ። በሁለተኛው ዙር አንዲትም ነጥብ ሳታስቆጥር አራት መቺዎቿ ወጡባት። ያን ጊዜ ቦርዱ ማንካድን አስታወሰ፤ ክለቡም እንዲሄድ ፈቀደለት።

በሰኔ 1952 በሎርድስ ሜዳ የታየው ብቃት እስከ ዛሬ ይወራል። ማንካድ ግጥሚያውን በመቺነት ከፍቶ 72 ነጥብ አስቆጠረ። ከዚያም እንግሊዝ ስትመታ 73 ኦቨር፣ ማለትም 438 ኳስ ወርውሮ አምስት ሰው አስወጣ። ያን ያህል ከለፋ በኋላ ጥቂት እንኳ ሳያርፍ እንደገና ለመምታት ወጣና 184 ነጥብ አስመዘገበ። በመጨረሻም ሌላ 24 ኦቨር ወረወረ። ሕንድ ተሸንፋለች፤ ነገር ግን ግጥሚያው በብዙዎች ዘንድ የሚታወሰው የማንካድ ግጥሚያ በመባል ነው። እዚህ ላይ ስሙ በበጎ ተነስቷል። የሚያሳዝነው ይህኛውን የሚያውቀው የክሪኬት ወዳጅ ብቻ መሆኑ ነው።

ማንካድ በቴስት ክሪኬት 1,000 ነጥብና 100 ዊኬት ለመሙላት የፈጀበት 23 ግጥሚያ ብቻ ነበር። ይህንን ክብረ ወሰን እንግሊዛዊው ኢያን ቦተም እስኪሰብረው እስከ 1979 ድረስ ቆይቷል። በ1955 ሕንድ ፓኪስታንን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጎበኝ የቡድኑ አምበል እሱ ነበር። በጥር 1956 ደግሞ በማድራስ ከፓንካጅ ሮይ ጋር ግጥሚያ ከፍተው በጥምረት 413 ነጥብ አስቆጠሩ። ይህ የመክፈቻ ጥምረት ክብረ ወሰን ሁለት ደቡብ አፍሪካውያን በ2008 እስኪያሻሽሉት ድረስ 52 ዓመት ጸንቷል። በዚያው ግጥሚያ ማንካድ ብቻውን ያስቆጠረው 231 ነጥብ ሱኒል ጋቫስካር በ1983 እስኪበልጠው ድረስ የሕንድ ክብረ ወሰን ነበር። በ44 ግጥሚያዎች 2,109 ነጥብ አስቆጥሮና 162 ዊኬት ወስዶ በ1959 ከቴስት ክሪኬት ተሰናበተ። ከመጀመሪያው እስከ አሥራ አንደኛው ድረስ ባሉት የመምቻ ተራዎች ሁሉ በቴስት ከተሰለፉ እጅግ ጥቂት ተጫዋቾችም አንዱ ነው።

ልጁ አሾክ ማንካድም የአባቱን ፈለግ ተከትሎ ለሕንድ 22 የቴስት ግጥሚያዎች ተጫውቷል። ቪኑ ማንካድ ነሐሴ 21 ቀን 1978 በቦምቤይ በ61 ዓመቱ አረፈ። ክርክሩ ግን አብሮት አልተቀበረም።

በ1987 የዓለም ዋንጫ በላሆር ከተማ የዌስት ኢንዲስ ወርዋሪ ኮርትኒ ዋልሽ በመጨረሻዋ ኳስ ላይ ከመስመሩ ቀድሞ የወጣውን ፓኪስታናዊ ማስወጣት ሲችል ማለፍን መረጠ። ቡድኑ ተሸነፈ፤ ለግማሽ ፍጻሜም ሳይደርስ ቀረ። ዋልሽ በጨዋነቱ ብዙ ተወድሷል። ለመሆኑ ያጣው ቡድን እንጂ ርቀት የሰረቀው ሰው ዋጋ ያልከፈለበት ጨዋነት ለማን ይጠቅማል? በ2019 ሕንዳዊው ራቪቻንድራን አሽዊን እንግሊዛዊውን ጆስ በትለርን፣ በመስከረም 2022 ደግሞ ሕንዳዊቷ ዲፕቲ ሻርማ በሎርድስ ሜዳ ቻርሊ ዲንን በዚሁ መንገድ ሲያስወጡ የድሮው ወቀሳ እንደገና ተነሳ። ጋቫስካርን የመሳሰሉ የቀድሞ ተጫዋቾች በበኩላቸው የአገራቸውን ባለውለታ ስም ለነውር መጠሪያ ማድረግ ይቁም ሲሉ ተቃውመዋል።

በመጨረሻ ሕጉ ራሱ ተናገረ። የክሪኬትን ሕግ የሚያወጣው የሜሪልቦን ክሪኬት ክለብ ይህን አወጣጥ ተገቢ ያልሆነ ጨዋታ ከሚለው ክፍል አንስቶ ሩጫ ላይ እያሉ መውጣትን ወደሚመለከተው መደበኛ አንቀጽ አዛወረው። ለውጡ ከጥቅምት 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ከአንድ ዓመት በፊት በ2021 ደግሞ የዓለም አቀፉ ክሪኬት ምክር ቤት ማንካድን በክብር መዝገቡ ላይ አስፍሮት ነበር። ዛሬ በሙምባይ ትልቁ የክሪኬት ስታዲየም የሚገኝበት መንገድ በስሙ ይጠራል፤ የሕንድ ወጣቶች የሚፎካከሩበት ዋንጫም የቪኑ ማንካድ ዋንጫ ነው።

ሕጉ ለማንካድ ለመፍረድ 75 ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። በሲድኒ ዊኬቱን የመታው ሰው ፍርዱን ሳይሰማ ሞቷል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የተባለው እውነት ነው፤ በጎ ሆኖ እንዲውል ግን የሞተው ሰው ሥራ ብቻውን አይበቃም። የሚጠሩት ሰዎችም ሙሉውን ታሪክ ማወቅ አለባቸው።