አስናቀች ወርቁን ስንቶቻችን እናውቃታለን?

ማኅበራችን ሐይቅ ላይ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሲሰበሰብ መጀመሪያ ቁጠባችንን እንቆጥራለን፤ ከዚያ ቡና ይፈላል። ከአምባሰል በኩል የሚመጡት እህቶቻችን እስኪደርሱ አቦሉ አይቀዳም። እንዲህ እየጠበቅን ሳለ አንድ ቀን ከዓረብ አገር ተመልሳ የተቀላቀለችን አንዲት እህታችን ስልኳን ከፍታ ባዶ ጣሳ ውስጥ አስቀመጠችው። ከጣሳው ውስጥ የክራር ድምፅ ወጣ፤ ቀጥሎም የአንዲት ሴት ድምፅ። እሷ ባዕድ አገር በሰው ቤት ልብስ ስትተኩስ የምታዳምጠው ይህንኑ ነበር።

ማሪቱ ለገሰ ብትሆን ኖሮ ሁላችንም በአንድ አፍ እንለያት ነበር፤ የወሎ ልጅ ናትና። ይህችኛዋን ያወቅናት ግን ከመካከላችን ሦስታችን ብቻ ነበርን። አስናቀች ወርቁ መሆኗን ስንሰማ ስሟ እንግዳ ያልሆነብን ብዙዎች ነን፤ ሕይወቷን አስተካክሎ የሚነግረን ግን ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የሚያውቁትን ጠይቀን፣ ልጆቻችን አንብበውልን ያገኘነውን ለአባሎቻችንና ለደጋፊዎቻችን ልናካፍል ወደድን። እንደ ታላቅ እህት ስለቆጠርናት አንቱ አላልናትም።

አስናቀች የተወለደችው በ1927 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው። ገና ጡት ሳትጥል ጣሊያን አገሩን ወረረ። እናቷንም በሕፃንነቷ በሞት አጣች፤ ያሳደገቻት ክርስትና እናቷ ናት። በሰው እጅ ማደግ ምን እንደሆነ ከመካከላችን የሚያውቅ ብዙ ስለሆነ፣ ይህ ሲነበብ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር።

ክራርን መምህር አላስተማራትም፤ ራሷ ጣቷን አለማመደች። ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር አለው፤ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ለመሄድ ክሮቹን እንደገና እያከረሩና እያላሉ መቃኘት ያስፈልጋል። የታወቁት ቅኝቶች አራት ናቸው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። ሁለቱ የእኛን አገር ስም የተሸከሙ ናቸው። ከአምባሰል የሚመጡት እህቶቻችን ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው ተቀመጡ፤ የተራራቸው ስም በየከተማው ክራር ላይ ሲቃኝ እንደኖረ አላሰቡትም ነበር።

በዚያ ዘመን ክራር የያዘች ሴት ክብር አልነበራትም። በገና የዳዊት ነው ተብሎ ሲከበር፣ ክራር ግን የጠጅ ቤትና የዳንኪራ ዕቃ ተደርጎ ይታይ ነበር። አዝማሪ ማለት ሙያ መሆኑ ቀርቶ ስድብ ነበር፤ ለሴት ሲሆን ደግሞ ስድቡ እጥፍ ነው። ቴአትርም ቢሆን ለሴት የተዘጋ በር ነበር፤ ታሪኩ ሚስት ወይም እናት ሲፈልግ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው ይጫወቱ ነበር።

ያንን በር የከፈተችው አስናቀች ናት። በ1940ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የፍቅር ጮራ በተባለው ቴአትር ተጫወተች፤ በኢትዮጵያ መድረክ የመጀመሪያዋ ተዋናይት ተብላ የምትጠራውም በዚህ ነው። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ነው። እሷም በዚያ ቤት ለረጅም ዓመታት ተውናለች፣ ዘፍናለች፣ ተወዛውዛለች። ከእሷ በኋላ መድረክ ላይ የወጣች ሴት ሁሉ የመጀመሪያውን ስድብ የተቀበለችላት አስናቀች ናት ብንል አልተሳሳትንም።

ከሁሉ በላይ የገረመን ግን ግጥሟ ነው። ሌላ ሰው ጽፎ የሰጣትን ብቻ የምታዜም አልነበረችም። ክራሯን ይዛ ስትቀመጥ ግጥሙን ከራሷ ታወጣዋለች፤ ሰም አለው፣ ወርቅ አለው፣ አንዳንዴም እየሳቀች ትወጋበታለች። የምትዘፍነው ስለ ፍቅር፣ ስለ ክህደትና ስለ ናፍቆት ነው። ሴት በአደባባይ ልቧን መናገር በማይፈቀድላት ዘመን፣ እሷ ወደደችም ከፋትም በራሷ ቃል ተናገረች። አንድ ክራርና አንድ ድምፅ ይበቃት ነበር።

ዘመን ሲለወጥ ጊታርና ጥሩምባ የያዙ የሙዚቃ ጓዶች ከተማውን ሞሉት። በክራር ብቻ መዝፈን የድሮ ሰው ነገር ሆነ፤ ወጣቱም ስሟን እየዘነጋው ሄደ። በ2003 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ኢትዮጲክስ ከተባሉት ተከታታይ የሙዚቃ አልበሞች 16ኛውን ሙሉ በሙሉ ለእሷ ዘፈኖች ሰጠው። አማርኛ የማይሰማ የባሕር ማዶ ሰው ዘፈኖቿን እየተቀባበለ ሲያዳምጥ፣ ቋንቋዋን የምንሰማው እኛ ግን አላወቅናትም ነበር። ይህ ቆጭቶናል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሕመም ቤት አዋላት። በመስከረም 2004 ዓ.ም. አዲስ ዓመት በገባ ሰሞን አረፈች። በኋላም ራሄል ሳሙኤል የሕይወቷን ታሪክ በፊልም ለሕዝብ አቀረበችው።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ለታሪክ ብቻ አይደለም። ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ክራር ትማራለች። እናቷ ጎረቤት ምን ይላል ብላ ክራሩን ከጎተራው ጀርባ ደብቃው ነበር። የአስናቀች ታሪክ በተነበበ ዕለት ይህን ራሷ አወጣችው፤ ከዚያም ብዙ ተከራከርን። ልጅቱን አትከልክሏት ያልን ነበርን። ዘፋኝ ሴት መጨረሻዋ አያምርም ያልንም ነበርን። አንዲት ትልቅ እናታችን ደግሞ በሠርግ እያወረድን፣ በለቅሶ ሙሾ እየደረደርን፣ በመንዙማ እያጨበጨብን ኖረን ልጅቱን በዘፈን መውቀስ ከየት የመጣ ነው ብለው ጠየቁን። ሙስሊሟም ክርስቲያኗም የምትመልሰው አጣች።

እናቷን ግን አልወቀስናትም። ፍርሃቷ የስም ብቻ አይደለም፤ የእንጀራም ነው። የአስናቀችም ሕይወት ጭብጨባ ብቻውን ሰውን ከሕመምና ከመረሳት እንደማያድን አሳይቶናል። ስለዚህ ልጅቱ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ተስማማን፤ ክራሯም ተመለሰላት። ከቡናችን መዋጮም ለክሯ መግዣ የምትሆን ጥቂት ገንዘብ ለየን። በተከታዩ ስብሰባ ልጅቱ መጥታ በአምባሰል ቃኝታ ተጫወተችልን። እናቷ በሩ አጠገብ ቆማ ሰማች፤ ሲያልቅ ጀበናውን ይዛ ገባች።

ሌላም የወሰንነው አለ። ከእንግዲህ በየስብሰባው አንዷ አባል የተዘነጋች አንዲት ድምፃዊት አግኝታ ታሰማናለች፤ ማን እንደነበረችም ትነግረናለች። ስም የሌላቸውንም አንረሳም። አስናቀችን ቢያንስ ሸክላና ካሴት ይዞልናል፤ የእኛ እናቶች ወፍጮ ላይ ያዜሙትን፣ ለሙሽራ የገጠሙትን ግን ማንም አልያዘውም። የትልልቅ እናቶቻችንን ዘፈን ፈቃዳቸውን እየጠየቅን በስልክ መቅዳት ጀምረናል፤ ከግጥሙ ጋር የገጠመችውን ሴት ስምና መንደሯንም እንመዘግባለን።

እናንተም የምታነቡ አባላትና ደጋፊዎቻችን፣ በየቤታችሁ ያሉትን አሮጌ ካሴቶች ከመጣላችሁ በፊት አንድ ጊዜ አዳምጧቸው። ማን እንደዘፈነችው የምታውቅ እናት ካለች ዛሬውኑ ጠይቋት። የሚቀጥለው ተራ ከአምባሰል የምትመጣ የአንዲት እህታችን ነው፤ የምታሰማን የአያቷን የሠርግ ዘፈን ነው።