አኀዝን በመስመር የሣለው ዊልያም ፕሌይፌር

በቪዲዮ ጨዋታ ከተማ የሚያስተዳድር ወጣት በስክሪኑ ላይ የሚወጣውንና የሚወርደውን መስመር ተመልክቶ ግብር ይቀንሳል፤ ሠራዊት የሚመራውም በወታደሩ ራስ ላይ ያለው የጉልበት ዘንግ ሲያጥር አይቶ ያፈገፍጋል። አኀዝን በዓይን የማንበብን ጥበብ ለንግድና ለመንግሥት ሒሳብ አውሎ ያስፋፋው ሰው ግን እምብዛም አይታወስም።

ዊልያም ፕሌይፌር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1759 ዓ.ም. በስኮትላንድ፥ በደንዲ ከተማ አጠገብ ከአንድ ቄስ ተወለደ። አባቱ በ1772 ዓ.ም. ስለ ሞተበት ታላቅ ወንድሙ ጆን አሳደገው። በኋላ ስመ ጥር የሒሳብ ሊቅ የሆነው ይህ ወንድሙ የየዕለቱን ሙቀት እየመዘገበ በመስመር እንዲሥል ያለማምደው ነበር። ቀጥሎም በ1777 ዓ.ም. በበርሚንግሃም ለጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር ሥራ ነዳፊ ሆነ።

በ1786 ዓ.ም. ስለ ንግድና ፖለቲካ ያዘጋጀውን አትላስ አሳተመ። ከ44ቱ ሥዕሎች 43ቱ የአገሪቱ ንግድና ዕዳ በየዓመቱ እንዴት እንደ ተለዋወጠ የሚያሳዩ ናቸው። ለስኮትላንድ ግን ያገኘው የአንድ ዓመት አኀዝ ብቻ ስለ ነበር መስመር መሳብ አልቻለም። ስለዚህ ከ17 አገሮች ጋር የነበረውን ንግድ በዘንግ ርዝመት አስታወቀ። ባር ግራፍ የተባለው እንዲህ ከችግር ተወለደ። በ1801 ዓ.ም. ደግሞ የቱርክን ግዛት በአውሮፓ፥ በእስያና በአፍሪካ ከፋፍሎ በክብ ሣለ።

ኑሮው ግን እንደ ሥዕሉ አልቀናም። በፓሪስ ሳለ የአሜሪካን መሬት ለፈረንሳዮች በመሸጥ ሥራ ገባ፤ ገዢዎቹም ባሕር ተሻግረው ሲደርሱ ኩባንያው የመሬቱ ባለቤት አለመሆኑን አወቁ። ስሙም በዚህ ጐደፈ። በ1823 ዓ.ም. በለንደን በድህነት ሞተ።

ሥራው ግን አልሞተም። በ1989 ዓ.ም. የወጣው ሲምሲቲ የተባለው ጨዋታ የመኖሪያ ቤት፥ የንግድና የፋብሪካ ፍላጎትን በዘንግ፥ የወንጀልን፥ የአየር ብክለትንና የገንዘብን ነገር በመስመር ያሳያል። ተጫዋቹ የፋብሪካው ዘንግ ከፍ ብሎ ካየ መሬት ይመድባል፤ የብክለቱ መስመር አብሮ ሲወጣ ደግሞ እጁን ይሰበስባል። መንገዱንና ቤቱን ብቻ የሚያይ ግን ካዝናው ባዶ መሆኑን የሚያውቀው ከረፈደ በኋላ ነው።

ውድ አንባቢ፥ የፕሌይፌር ሕይወት የሚያስተምረን ይህን ነው፤ የአገርን ዕዳ ለሁሉ እንዲታይ አድርጎ የሣለ ሰው የራሱን ዕዳ ሳያመዛዝን ቀረ። መስመሩን መሳል አንድ ጥበብ ነው፤ ሲወርድ አይቶ በጊዜ መመለስ ግን ሌላ ጥበብ ነው።