ራስ አበበ አረጋይ

በዚህ እትም የአርበኛውን የራስ አበበ አረጋይን ታሪክ ይዘን ቀርበናል። መልካም ንባብ!

ራስ አበበ በ1895 ዓ.ም. ተወለዱ። በእናታቸው በኩል የዝነኛው የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ናቸው። ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የከተማው ፖሊስ አዛዥ ነበሩ። እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ ጫካ ገቡ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ከሌሎች አርበኞች ጋር አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ሞከሩ፤ ግን አልተሳካም። ከዚያ በመንዝ፣ በቡልጋና በተጉለት ገደላገደል ዓመታት ተዋጉ። ጠላት አውሮፕላን አለው፤ አርበኛው ግን ብዙ ጊዜ ጥይት የሚያገኘው ማርኮ ነው። ጣሊያኖች ሽማግሌ እየላኩ ግቡልን ሲሏቸው ድርድሩን እያጓተቱ ቀን ገፉበት እንጂ አልገቡም።

ታዲያ ነገሩ መቼ ተለወጠ? ሰኔ 1932 ዓ.ም. ጣሊያን ከጀርመን ጋር ሆና እንግሊዝን ስትወጋ ነው። ያኔ እንግሊዝ አጋራችን ሆነች። ጦሩም በሦስት በኩል መጣ። በሰሜን የህንድ ወታደሮች ያሉበት ጦር ከረን ላይ ተዋጋ። በምዕራብ ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው በጎጃም ገሰገሱ። ከኬንያ የተነሳው ደግሞ የናይጄሪያና የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ነበሩበት። በሐረር አድርጎ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ በአዳማ በኩል መጋቢት 28 አዲስ አበባ ገባ። የአዳማና የአዲስ አበባ መንገድ በየት እንደሚያልፍ መቼም ሁላችንም እናውቃለን፤ በእኛው በዱከም ነው!

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ሲመለሱ ራስ አበበ ከአርበኞቻቸው ጋር ተቀበሏቸው። ልክ አምስት ዓመት መሆኑ ነው።

አንዳንዶቻችን ነፃ ያወጣን እንግሊዝ ነው እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ አርበኞች ብቻ ናቸው እንላለን። ሁለቱም ሙሉ አይደለም። አርበኞች ጠላትን እንቅልፍ ባይነሱት አጋሮቹ እንዲህ ቶሎ ባልደረሱ ነበር። አጋሮቹ ባይመጡ ደግሞ የአርበኛው መከራ በረዘመ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ ነው።

ራስ አበበ በኋላ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ሠርተዋል። የሚያሳዝነው ግን ከጠላት ጥይት አምስት ዓመት የተረፉት ሰው ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ በወገን ጥይት ሞቱ። ከባዕድ ጋር አብረን ካሸነፍን፣ እርስ በርሳችን መስማማት እንዴት ያቅተናል? እስቲ በየክፍላችሁ ተወያዩበት።