በተጎዳ እግሩ ቆሞ ተራውን የጠበቀው ጎልፈኛ፦ ቤን ሆጋን

ጎልፍን ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ያየ ሰው የሚጠይቀው ነገር ይታወቃል፦ ይሄ ጨዋታ መቼ ነው የሚጀመረው? አንዱ ይመታል፣ ሁሉም ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ሳሩን ያያል፣ ደግሞ ይቆማል። አንድ ዙር 18 ጉድጓድ ነው፤ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከዚያ ሁሉ ሰዓት ኳስ የሚመታበት ጊዜ ቢደመር ጥቂት ደቂቃ ነው። የቀረው መራመድና መጠበቅ ነው። ብዙ ጎልፈኛ የሚበላሸውም እዚያ መጠበቁ ላይ ነው፤ የፊተኛው ቡድን ሲንቀራፈፍ ይበሳጫል፣ ሐሳቡ ይበተናል፣ ተራው ሲደርስ እጁ ይቸኩላል።

ዛሬ ታሪኩን ይዘንላችሁ የመጣነው አሜሪካዊ በዚህ በኩል ተወዳዳሪ አልነበረውም ብንል ማጋነን አይመስለንም። ቤን ሆጋን ይባላል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሆጋን በ1912 ቴክሳስ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። በ1922 ልጁ ገና 9 ዓመቱ ሳለ አባት ራሱን አጠፋ። ቤተሰቡ ችግር ላይ ወደቀ፤ ትንሹ ቤን ፎርት ወርዝ ከተማ ባቡር ጣቢያ ጋዜጣ ይሸጥ ጀመር። ከዚያ ጎልፍ ሜዳ ሄዶ የሀብታሞቹን ዱላ መሸከም የተሻለ እንደሚከፈል ሰማ፤ ሄደ። የሚገርመው፣ እዚያው ሜዳ በዚያው ዓመት የተወለደ ባይረን ኔልሰን የሚባል ሌላ ዱላ ተሸካሚ ልጅ ነበር። ሁለቱም ኋላ የዓለም ታላላቅ ሆኑ። በ1927 በተሸካሚ ልጆች ውድድር ግን ኔልሰን በአንድ ምት በለጠው።

በ17 ዓመቱ ፕሮፌሽናል ሆነ። ሆነ ማለት ግን ተሳካለት ማለት አይደለም። ኳሱ ወደ ግራ እየታጠፈች አስቸገረችው፤ ገንዘብ እያለቀበት ደጋግሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በ1938 ኦክላንድ ለውድድር ሄዶ ጠዋት ሲወጣ የመኪናው ጎማ ተሰርቋል! ያም ሆኖ ለምኖ ሜዳው ደረሰ፣ ተጫወተ፣ ባገኘው ሽልማት እሱና ባለቤቱ ቫለሪ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ብቻውን የመጀመሪያውን ድል ያገኘው በ1940 ነው። አስር ዓመት! ሌሎቹ ጨዋታ ጨርሰው ሲበተኑ እሱ እስኪጨልም ኳስ ይመታል። ያኔ እንዲህ መለማመድ እንደ እብደት ይታይ ነበር።

ሜዳ ላይ አያወራም። ሲጋራውን አፉ ላይ አድርጎ ቀጣዩን ምት እያየ ይሄዳል። አብሮት የሚጫወተው ሰው ኳሱን በአንድ ምት ጉድጓድ ውስጥ ሲከት እንኳ አላስተዋለም ተብሎ ይተረካል። ተረት ሊሆን ይችላል፤ ግን ስለ ማንም ሰው አልተወራም፣ ስለ እሱ ነው የተወራው።

በ1948 ዩኤስ ኦፕንን አሸነፈ። በጥር 1949 ታይም መጽሔት ፎቶውን ሽፋኑ ላይ አወጣ። ገና ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 2 ቀን፣ ከቫለሪ ጋር በጉም ውስጥ ቀስ ብሎ እየነዳ ሳለ ሌላ መኪና ሊቀድም የወጣ አውቶቡስ ፊት ለፊት ገጠማቸው። ሆጋን ሚስቱን ሊከልል በሰውነቱ ተወርውሮ ሸፈናት። የመሪው ዘንግ እሱ የተቀመጠበትን ቦታ ሰንጥቆ ገባ፤ እሷን ላድን ሲል የራሱንም ሕይወት አዳነ። ቫለሪ ብዙም አልተጎዳችም። የእሱ ግን ዳሌው፣ የአንገቱ አጥንት፣ ጎድኑ፣ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። በኋላ ደሙ እየረጋ ወደ ሳንባው ሲሄድ ሐኪሞች ትልቁን የደም ሥር አሰሩት። ሕይወቱ ተረፈ፤ በእግሮቹ የደም ዝውውር ግን ዕድሜ ልኩን ተሰቃየ። ሆስፒታል 59 ቀን ተኛ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሰኔ 1950፣ ፔንሲልቫኒያ፣ ሜሪየን የተባለው ሜዳ። አደጋው ከደረሰ 16 ወር። ያኔ የዩኤስ ኦፕን የመጨረሻ ቀን ሁለት ዙር፣ 36 ጉድጓድ ነበር፤ ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ ማለት ነው። ሆጋን በየጠዋቱ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ሁለት እግሩን በፋሻ ጠቅልሎ ነው የሚወጣው።

የዚያን ቀን አብሮት የተመደበው ማን ይመስላችኋል? ኬሪ ሚድልኮፍ! ጥርስ ሐኪም ነበር፤ ሙያውን ትቶ ወደ ጎልፍ የገባ፣ ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን። ጥሩ ተጫዋች ነው፤ ግን በዘመኑ በዝግታው የሚታወቅ ሰው ነው። ኳሷ አጠገብ ይቆማል፣ ዒላማውን ያያል፣ ዱላውን ያወዛውዛል፣ እንደገና ያያል። ጤነኛ ሰው እንኳ የሚሰለቸው ነው። እግሩ ለተጎዳ ሰው ደግሞ በእኛ ግምት ቆሞ መጠበቅ ከመራመድ አይሻልም፤ ቢቀመጥ ደግሞ መነሳት አለ። ሆጋን ግን ቅዳሜን ሙሉ እንደ ልማዱ ዋለ። ማጎንበስ ሲከብደው ኳሷን ከጉድጓድ የሚያወጣለት ዱላ ተሸካሚው ነበር።

በመጨረሻው ዙር 12ኛው ጉድጓድ ላይ እግሩ ያዘው፤ ሊወድቅ ሲል ሰው ደግፎት ቆመ። ከዚያ የነበረው ብልጫ እየሟሟ ሄደ። 15ኛው ላይ አንድ ምት፣ 17ኛው ላይ ሌላ። 18ኛው ላይ ሲደርስ ብልጫው አልቋል፤ በአራት ምት ካልጨረሰ ውድድሩ አበቃ። ያለችው ኳስ ሩቅ ናት። ለመምታት ከባድ ከሚባሉት ዱላዎች አንዱን፣ አንድ ቁጥር ብረቱን አወጣ። ከኋላው የቆመው ሃይ ፔስኪን ያነሳት ፎቶ በጎልፍ ታሪክ ከታወቁት ሁሉ ትበልጣለች፤ ሕዝቡ ግራና ቀኝ፣ እሱ ምቱን ጨርሶ ሚዛኑን ጠብቆ ቆሟል። በፎቶው ላይ የታመመ ሰው አይታይም። ኳሷ አረፈች፣ በሁለት ምት ጨረሰ፣ ከሎይድ ማንግረምና ከጆርጅ ፋዚዮ ጋር እኩል ሆነ።

በማግስቱ ሦስቱ ሌላ 18 ጉድጓድ ተጫወቱ። ማንግረም በአንድ ምት ብቻ ተበልጦ 16ኛው ላይ ሳለ አንዲት ትንኝ ኳሱ ላይ አረፈች። ኳሱን አንስቶ እፍ አላት። በዚያን ጊዜ ሕግ ማንሳት አይፈቀድም ነበርና ሁለት ምት ተቀጣ። ትንኝ ናት እንግዲህ! ሆጋን 69፣ ማንግረም 73፣ ፋዚዮ 75። በዚያው ሰሞን ያች አንድ ቁጥር ብረት ተሰረቀች፤ የተገኘችው ከ30 ዓመት በላይ ቆይታ ነው።

1953 የእሱ ዓመት ነው። ስድስት ውድድር ገብቶ አምስቱን አሸነፈ፤ ከነሱ ሦስቱ ታላላቆቹ ናቸው። ስኮትላንድ ካርኑስቲ የሄደው በዕድሜው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቀደም ብሎ ደርሶ ሜዳውንና አነስ ያለችውን የእንግሊዞች ኳስ አጠና። አራቱን ዙር 73፣ 71፣ 70፣ 68 አስመዘገበ። በየቀኑ እየቀነሰ! ኒው ዮርክ ሲመለስ ሕዝቡ በብሮድዌይ ወረቀት እየበተነ ተቀበለው።

መጠበቅ ግን ሁልጊዜ አልከፈለውም። በ1955 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ጨርሶ ገባ፤ በቴሌቪዥን እንኳን ደስ ያለህ ተባለ፤ ኳሱን ለሙዚየም ሰጠ። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሆኖ ሲጠብቅ ጃክ ፍሌክ የሚባል ብዙ ሰው የማያውቀው ተጫዋች ከኋላ መጥቶ እኩል ሆነ፣ በማግስቱም አሸነፈው። ፍሌክ የተጫወተው ራሱ የሆጋን ፋብሪካ በሠራው ዱላ ነው። በ1956 ደግሞ ቀድሞ ጨርሶ የሚጠብቀው ሚድልኮፍ ሆነ፤ ሆጋን 17ኛው ላይ ሜትር የማትሞላ ምት ሳተ፣ ዋንጫው ለጥርስ ሐኪሙ። በነገራችን ላይ በቀጣዩ ዓመት ዲክ ሜየር ከሚድልኮፍ ጋር ለፍጻሜ ሲገጥም ተጣጣፊ በርጩማ ይዞ መጣ፤ ሰውየው እስኪመታ ተቀምጦ ሊጠብቅ! አሸነፈውም።

ሆጋንም ሲያረጅ ጉዳዩ ተገለበጠ። ጉድጓዱ አጠገብ ኳሷ ላይ ቆሞ እጁ እምቢ ይለዋል፣ ደቂቃ ያልፋል፣ አሁን ሌላው እሱን ይጠብቃል። ቢሆንም በ1967፣ በ54 ዓመቱ፣ ማስተርስ ላይ አንዱን ዙር በ66 ጨርሶ ተመልካቹን አስነሳ።

በ1997 ፎርት ወርዝ ውስጥ በ84 ዓመቱ አረፈ። ሜሪየን 18ኛው ላይ ያን ምት የመታበት ቦታ ጽሑፍ የተቀረጸበት ሰሌዳ ተቀብሯል። እዚያ የሚጫወቱ እንግዶች ሰሌዳው አጠገብ ቆመው ኳስ አስቀምጠው ይሞክራሉ፤ የኋለኛው ቡድን ቆሞ ይጠብቃቸዋል።