ዓፄ ዮሐንስ አራተኛና በስድብ የተመለሰው የሰላም ደብዳቤ

ከኮኪት ተነሥቶ ወደ ሱዳን ድንበር የሚሄድ መንገደኛ መተማ ዮሐንስ ከምትባለው ከተማ ይደርሳል። ከተማዋ የምትጠራበት ስም የንጉሠ ነገሥት ስም ነው። እኛ የቆላው ልጆች ዓፄ ዮሐንስ በመተማ እንደ ወደቁ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተን አድገናል። ነገር ግን ከውጊያው በፊት ሦስት ወር ሳይሞላ ለጠላታቸው የሰላም ደብዳቤ ጽፈው እንደ ነበር፣ የተመለሰላቸውም መልስ ስድብ እንደ ነበር የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የእኒህን ንጉሥ ታሪክ በአጭሩ ለማቅረብ አሰብሁ።

ዓፄ ዮሐንስ በ1829 ዓ.ም. ገደማ በተምቤን ተወለዱ። አባታቸው ሹም ተምቤን ምርጫ፣ እናታቸው ወይዘሮ ሥላስ ድምፁ ይባላሉ። የልደት ስማቸው ካሳ፣ የፈረስ ስማቸው አባ በዝብዝ ነበር። ሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል ካደረጉ በኋላ ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. በአክሱም ጽዮን ዘውድ ጫኑ። በ1868 ዓ.ም. የግብፅ ጦር አገሪቱን ሊይዝ በሰሜን በኩል ቢመጣ በኅዳር በጉንደት፣ በየካቲት መጨረሻም በጉራዕ ድል መቱት።

ከዚህ በኋላ በሱዳን መሐመድ አሕመድ የተባለው ሰው ማህዲ ነኝ ብሎ ተነሣ፤ የግብፅንም መንግሥት ከዚያ አገር ነቃቀለ። በግንቦት 1876 ዓ.ም. ዓፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በዐድዋ ስምምነት አደረጉ። በዚህም ስምምነት በደርቡሽ የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ ምድር በኩል በደኅና እንዲወጡ ረዱ። ከእነዚህም ከተከበቡት ሥፍራዎች አንዱ መተማ ነበር። የእንግሊዝ ወዳጅነት ግን ከወረቀት አላለፈም፤ በ1877 ዓ.ም. ኢጣልያ ምጽዋን ስትይዝ እንግሊዝ አልተቃወመችም። ለኢትዮጵያ የተረፋት አዲስ ጠላት በባሕር በኩል፣ አዲስ ጠላት ደግሞ በምዕራብ በኩል ሆነ።

ማህዲው በ1877 ዓ.ም. ሲሞት ኸሊፋ አብዱላሂ ተተካ። ከሱዳን ለንጉሠ ነገሥቱ የሚላከው ደብዳቤ ሃይማኖታቸውን ለውጠው እንዲሰልሙ የሚጠይቅ ነበር። በጥር 1879 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘጎጃም መተማን ወግተው አቃጠሉ። በጥር 1880 ዓ.ም. ደግሞ የኸሊፋው የጦር አለቃ ሐምዳን አቡ አንጃ በደምቢያ፣ ሳር ውኃ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ብዙ ሕዝብም ማርኮ ወሰደ። የጎንደር መቃጠል በተሰማበት አገር ሁሉ ካህኑም ባላገሩም አዘነ፤ በቀልንም ተመኘ።

ዓፄ ዮሐንስ በዚያን ጊዜ በሦስት እሳት መካከል ነበሩ። በሰሜን ኢጣልያ ሰሐጢ ላይ ምሽግ ሠርታ ተቀምጣለች፤ ከንጉሥ ምኒልክና ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር ተቀያይመዋል፤ በምዕራብ ደርቡሽ አለ። ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴም በዚያው በ1880 ዓ.ም. ሞቶባቸው ነበር። በታኅሣሥ 1881 ዓ.ም. ለአቡ አንጃ ደብዳቤ ላኩ። የደብዳቤው አሳብ የሁለቱ አገር ድኆች በከንቱ አይለቁ፣ ነጋዴዎች በጎንደርና በኦምዱርማን መካከል ይነግዱ፣ የሁለታችንም ጠላት አውሮጳዊው ነውና እኛን ቢያሸንፍ እናንተንም አይምራችሁም፣ ስለዚህ አንድ እንሁን የሚል ነበር። ጎንደር የተቃጠለበት ንጉሥ እንዲህ ብሎ መጻፉ ትልቅ ትዕግሥት ነው።

አቡ አንጃ ግን የሰላሙን ቃል እንደ ፍርሃት ቈጠረው። ንጉሡን አላዋቂና አእምሮ የጎደለው ብሎ ሰደበ፤ ካልሰለሙም ሰላም እንደማያገኙ ጻፈ። እርሱ ራሱ በጥር ወር ሞተና ዘኪ ቱማል በቦታው ተተካ፤ ቃሉ ግን ከተናጋሪው በኋላ ቀረ።

እውነቱን ለመናገር ዓፄ ዮሐንስም በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎን እስላሞች ክርስቲያን እንዲሆኑ አስገድደው ነበር። ስለዚህ የተጠየቁትን ነገር እርሳቸውም ሌላውን ጠይቀዋል። የታላቅ ሰው ታሪክ ሲጻፍ ጥፋቱን መሸሸግ አይገባም።

ከስድቡ በኋላ የሰላም በር ተዘጋ። ንጉሠ ነገሥቱ ከወገን ጋር ከመዋጋት ይልቅ ፊታቸውን ወደ መተማ አቀኑ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ሠራዊታቸው የደርቡሽን የእሾህ አጥር በአንድ ወገን ጥሶ ገባ። ድሉ ቀርቦ ሳለ ዓፄ ዮሐንስ በጥይት ቈሰሉ፤ ወሬው ሲሰማ ሠራዊቱ ተፈታ። በማግሥቱ ራስ መንገሻን ልጄና ወራሼ ነው ብለው ዐረፉ። አስከሬናቸውን ይዘው የሚሸሹትን ደርቡሾች በአትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱባቸው፤ ራሳቸውም ተቈርጦ ኦምዱርማን ተላከ።

ይህን የሰማው ዓለም ምን አለ? በኦምዱርማን ታላቅ ደስታ ሆነ። በኢትዮጵያ ለቅሶ ሆነ። ኢጣልያ ግን አልዘፈነችም፣ አላለቀሰችም፤ ሥራዋን ሠራች። በሐምሌ 1881 ዓ.ም. አሥመራን ያዘች። በሱዳንም በኢትዮጵያም ብርቱ ረኃብ ገባ፤ እኛ ያን ዘመን ክፉ ቀን እንለዋለን። ቡናና ሰም፣ ጥጥና ከብት ይሸጥበት የነበረው የመተማ ገበያ ጠፍ ሆነ።

ከዐድዋ ድል በኋላ ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክና ኸሊፋው መልእክተኞችን ተላላኩ፤ ስለ ወዳጅነትም ተጻጻፉ። ይህ በታኅሣሥ 1881 ዓ.ም. የቀረበው አሳብ ነበር፤ ነገር ግን ዘግይቶ ነበር። በነሐሴ 1890 ዓ.ም. እንግሊዞች የኸሊፋውን ጦር በኦምዱርማን ፈጁት፤ በኅዳር 1892 ዓ.ም. ኸሊፋው ራሱ ተገደለ። ዓፄ ዮሐንስ የጻፉት ቃል እንደ ትንቢት ሆነ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ አባቶቻችን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። አለቃ ሲሳደብ ቤቱ የሚቃጠለው፣ ልጁ የሚማረከው ባላገር ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ የሚኖረው እንደ እኛ በድንበር ላይ ነው። ዛሬ በመተማና በጋላባት መካከል ያለው ትንሽ ወንዝ ነው። ከዚያ ማዶ ያለውን ጎረቤት በክፉ ስም ከመጥራታችን በፊት ያን ደብዳቤና መልሱን እናስብ። ለዓፄ ዮሐንስ የምንሰጠው ክብር በመተማ ለሞቱት ሞት ብቻ ሳይሆን ከመሞታቸው በፊት ለላኩት የሰላም ቃልም ይሁን።